ቢላዋ መሥራትና የድሮ ቢላዋ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ የገባሁበት ቢላዋ መሥራት ነው። የድሮ ቢላዋ ላይ ማፍጠጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን ስለት በእጄ ሞርጄ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው ሰው ሞረድ የተወውን ጭረት ማየት ጀመርኩ። ያኔ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይን እንደሚፈልጉ ገባኝ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ነገር የተለከፈ ሰው ሁሉ የሚያነሣቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትልቅ ማሽን ሳይኖረኝ መጀመር እችላለሁ?

አዎ። ሞረድ፣ የብረት መጋዝ፣ ሞርሳ፣ መሰርሰሪያና የብርጭቆ ወረቀት ካላችሁ ይበቃል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ የሚያስቀር ነገር የለም።

ቢላዋ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ብረቱን አግሎ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ሁለተኛው ከተዘጋጀ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ትርፉን እየቀነሱ መሄድ ነው። ሁለተኛውን የሚንቁ አሉ። እኔ አልስማማም። አሜሪካዊው ቦብ ላቭለስ (1929–2010) ስሙን የተከለው ብረት በመቀነስ በሠራቸው የአደን ቢላዋዎች ነው፤ ሥራዎቹን ሰብሳቢዎች ዛሬም እየተሻሙ ይገዟቸዋል። ቢላዋን ቢላዋ የሚያደርገው የብረቱ ዓይነት፣ የሙቀት አያያዙና የስለቱ ቅጥነት ነው።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ትንሽ ይሁን። ስለቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ ሰው በትልቅ ጩቤ ይጀምርና ሁለቱ ጎኖች እኩል አልመጣ ሲሉት ይተወዋል። በትንሹ ላይ ስሕተት ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ይታረማል። ስለት የሚሆነውን ጠርዝ በማርከር ቀቡና መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር ጫሩ። ከግራም ከቀኝም ስትሞርዱ ወደዚያ መስመር ነው የምትሄዱት።

የትኛው ብረት ይሻላል? ያረጀ ሞረድ ወይም ባሌስትራ አይሆንም?

ለጀማሪ 1084 የሚባለውን አረብ ብረት እመክራለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 0.84 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ሳይራቀቁበት ይጠነክራል፣ ትንሽ ስሕተትም ይችላል። 1095 ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው፤ ግን በጣም ፈጥኖ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ትንሽ ከዘገያችሁ አይጠነክርም። እሱን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቢላዋ አቆዩት።

የወዳደቀ ብረትም ይሆናል፣ ግን ምንነቱን ማወቅ አለባችሁ። የመኪና ባሌስትራ ብዙ ጊዜ 5160 ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ሞረድም እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዱ ጠንካራ የሆነው ላዩ ብቻ ነው።

መላው ቀላል ነው። ከብረቱ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ። አግላችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩትና ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ ምቱት። እንደ ብርጭቆ ከተሰበረ በቂ ካርቦን አለው። ከታጠፈ ለቢላዋ አይሆንም። የተሰበረውን ፊትም እዩት። ደቃቅና ግራጫ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ቅንጣት ካያችሁ ብረቱን ከልክ በላይ አግላችሁታል ማለት ነው።

አንድ ነገር አደራ። ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ያሳምማል።

ሙቀቱን ያለ መለኪያ እንዴት ላውቅ?

በማግኔት። ብረት ሲግል ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። 1084 የሚፈልገው 815 ገደማ ነው። ስለዚህ ማግኔቱ አልያዝ ሲል ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ማቆም ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። ብረቱ ላይ የነሰነሳችሁት ጨው ቀልጦ ከፈሰሰ ደርሳችኋል። የጋለውን ብረት ቀለም ደብዘዝ ባለ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ፀሐይ ላይ ቀለሙ ያታልላል፤ ያልጋለ ይመስላችሁና ታቃጥሉታላችሁ።

ከመንከራችሁ በፊት ብረቱን ሦስት ጊዜ ያህል አግላችሁ በአየር ይቀዝቅዝ። ይህ ውስጡ የታመቀውን ውጥረት ያረግበዋል፣ ቅንጣቱንም ያደቅቀዋል። ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ዘይቱን ወደ 50 ዲግሪ አሙቁት። ሞቅ ያለ ዘይት ስለሚቀጥን ብረቱን በእኩል ያቀዘቅዛል። የአትክልት ዘይት ለ1084 ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ጭሱ መጥፎ ነው። ውሃ ደግሞ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ይሰነጥቃል። ቢላዋውን በጫፉ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡትና ወደ ስለቱና ወደ ጀርባው አቅጣጫ አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት ይጣመማል። ስለቱን ቀድማችሁ አቅጥናችሁት ከሆነም ይጣመማል፤ ስለዚህ ከእሳት በፊት ጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው።

ሲወጣ በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ግን ገና አላለቀም። በዚህ ሰዓት ቢላዋው እንደ ብርጭቆ ነው፤ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና አሙቆ ማለዘብ ያስፈልጋል። እኔ አንዱን «ነገ አለዝበዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። የሦስት ሳምንት ሞረድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዘይት የወጣ ቢላዋ እጄ እስኪነካው ከቀዘቀዘ በኋላ በቀጥታ ወደ ምድጃ ነው የሚገባው። በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። ቀለሙ ፈዛዛ ገለባ ሲሆን ትክክል ነው። ሰማያዊ ከሆነ ከልክ በላይ ለዝቧል። ሰማያዊ ለስፕሪንግ እንጂ ለስለት አይሆንም።

ጥሩ ቢላዋ መሥራቴን በምን አውቃለሁ?

በመቁረጥ። በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ ስለት ቀጥቃጮች ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ፈተና ጥሩ መለኪያ ነው። ተፈታኙ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ከዚያ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል። እንጨቱን በቆረጠው በዚያው ስለት የክንዱን ጸጉር ይላጫል። መጨረሻ ላይ ቢላዋው ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ መሰበር የለበትም።

ይህን ፈተና የምወደው ሁለት ተቃራኒ ነገር አብሮ ስለሚጠይቅ ነው። ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ታጣፊ መሆን አለበት። ጥንካሬን ብቻ ያሳደደ ሰው መጨረሻው ላይ ይወድቃል። ቤታችሁ ስትሞክሩ ግን እንጨትና ገመድ ይበቃል። ማጠፉን ለመስበር ለተዘጋጃችሁበት ቢላዋ ተዉት።

ደማስቆ የሚባለው ባለ ሞገድ ብረት ምንድን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የጥንቱ በሕንድና በስሪላንካ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ቀልጦ የሚሠራ ብረት ነው። ሞገዱ የሚመጣው ከብረቱ ውስጥ ከሚሰለፈው ካርባይድ፣ ማለትም ካርቦን ከብረት ጋር ተዋሕዶ ከሚፈጥረው ጠንካራ ቅንጣት ነው። የዛሬው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ፣ በእሳት ተጣብቆና ደጋግሞ ታጥፎ የሚሠራ ነው። አንደኛው ኒኬል ስላለው አሲድ ውስጥ ሲገባ አይጠቁርም፤ ሌላው ይጠቁራል። ሥዕሉ የሚወጣው እንደዚያ ነው። ይህን ጥበብ በአሜሪካ ዳግም ያስነሣው ቢላዋ ሠሪው ቢል ሞራን ነው፤ ሥራውን ለሕዝብ ያሳየው በ1973 ነበር።

ስትገዙ ጀርባውን እዩ። የእውነተኛው ሥዕል ከጎን ተነሥቶ ጀርባውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይወርዳል። ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ጀርባው ባዶ ነው።

ሥራው አደጋ አለው?

አለው። እሳቱንና ስለቱን ሁሉም ሰው ይፈራል። የማይፈራው አቧራውን ነው። የብረት፣ የአጥንት፣ የቀንድና የማይካርታ (ጨርቅ ወይም ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የሚሠራ የእጀታ ቁስ) አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው። አንዳንድ ጠንካራ የሞቃት አገር እንጨቶች፣ ለምሳሌ ኮኮቦሎ፣ ቆዳ ያሳክካሉ፣ ትንፋሽ ያውካሉ። ደህና የአቧራ ጭምብል ግዙ፤ ጨርቅ ማሰር አይበቃም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ከፊታችሁ አይለይ። ሲበሱ ብረቱን በእጅ አለመያዝም ሕግ ነው። መሰርሰሪያው ከነከሰው ቢላዋው በእጃችሁ ላይ ይሽከረከራል። የዘይቱ ዕቃ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሁን። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ክዳኑን መግጠም ነው እንጂ ውሃ እንዳታፈሱበት።

የድሮ ቢላዋ አገኘሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም። አታጽዱት። ይህን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አስበልጬ ነው የምናገረው።

ከዓመታት በፊት አንዲት የቆየች ሰንጢ እጄ ገባች። ዝገቷ አስጠላኝና በሽቦ ብሩሽ አሻሸኋት። ስታበራ ደስ አለኝ። ከዚያ ስለቱ ሥር ላይ፣ ከመታጠፊያው አጠገብ፣ የፊደል ጥላ አየሁ። ግማሹ ጠፍቷል። ማን እንደሠራት፣ መቼ እንደተሠራች የምትናገረው እዚያች ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ነበር። ያንን ያጠፋው እጄ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። ብርሃኑን ከጎን በኩል አዝምማችሁ አብሩ፤ የደበዘዘ ጽሑፍ በጥላው ይነበባል። ከዚያ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉና ይቆይ። ቀዩ ዝገት ብረት እየበላ ስለሆነ በጨርቅና በዘይት ቀስ ብሎ መነሣት አለበት። ግራጫው ወይም ጥቁሩ ግን የዕድሜ ቀለም ነው፤ ብረቱን ይጠብቃል። እሱን አትንኩት። ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በማሽን ማጥራት፣ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ፣ ሁሉም የማይመለስ ነው።

የጃፓን ጎራዴዎች ላይ ይህ ነገር በጣም ግልጽ ነው። እጀታው ውስጥ የሚደበቀው የብረቱ ጭራ ላይ ሠሪው ስሙን ይቀርጻል። ጭራው ላይ ያለው ጥቁር ዝገት ራሱ የዕድሜው ምስክር ነው። እሱን ያጸዳ ሰው ምስክሩን ነው ያጠፋው።

ስለቱ ላይ የተመታው ምልክት ዕድሜውን ይነግረኛል?

ብዙውን ጊዜ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ይነግራችኋል። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

የአገር ስም ካለው ከዚያ ጀምሩ። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር ስም እንዲታተምባቸው አስገደደ። ስለዚህ እንግሊዝ ወይም ጀርመን የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የመጣ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዞሊንገን የሚለው የከተማ ስም በጀርመን ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ላጊዮል ግን በፈረንሳይ ያለች ከተማ ስምና የቢላዋ ዓይነት እንጂ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም። እጀታው ጀርባ ላይ የዚህ ዓይነት ቢላዋ መለያ የሆነው የንብ ቅርጽ ያለበት ሁሉ ከአንድ ቤት የወጣ አይምሰላችሁ።

«ስቴንለስ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ከ1913 በፊት ሊሆን አይችልም። ሃሪ ብሪርሊ በእንግሊዟ ሼፊልድ የማይዝገውን ብረት ያገኘው በዚያ ዓመት ነው።

የእንግሊዝ ቢላዋዎች ላይ ዘውድና ሁለት ፊደል ታገኙ ይሆናል። ቪ አር የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ከ1837 እስከ 1901 ማለት ነው። ጂ አር የጆርጅ ነው፤ ጆርጆቹ ግን ብዙ ናቸው። ፋብሪካዎችም አንዳንዴ የቆየ ማኅተም ይዘው ይቀጥሉ ነበር። ስለዚህ ብቻውን አያስተማምንም።

የፋብሪካ ታሪክ ሲታከልበት ጠበብ ይላል። በጣም የሚያስደስተኝ የአሜሪካው ቢላዋ ፋብሪካ ኬዝ ነው። በ1970 ምልክቱ ሥር አሥር ነጥብ አደረጉ። በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየቀነሱ እስከ 1979 ሄዱ። ነጥቡን ቆጥራችሁ ዓመቱን ታውቃላችሁ። ሰባት ነጥብ ካለው 1973 ነው። የስዊሱ ቢላዋ ሠሪ ካርል ኤልሰነር በ1909 እናቱ ሲሞቱ ሥራውን በስማቸው ቪክቶሪያ አለው። በ1921 የማይዝግ ብረት ሲገባ «ኢኖክስ» ተጨመረና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ኦፒኔል በሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ላይ ስለቱን የሚቆልፈው ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። ቀለበት የሌለው ሁሉ ግን የድሮ ነው ማለት አይደለም። ከቁጥር 6 በታች ያሉት ትንንሾቹ ዛሬም የላቸውም።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ምልክቱ የተመዘገበበት ዓመትና ቢላዋው የተሠራበት ዓመት የተለያዩ ናቸው። የጀርመኑ ቢላዋ ፋብሪካ የሄንክልስ ምልክት የሆኑት መንታዎች በ1731 ነው የተመዘገቡት። የሼፊልዱ ቢላዋ ፋብሪካ የጆሴፍ ሮጀርስ ምልክት የሆነው ኮከብና የማልታ መስቀል በ1682 ነው የተሰጠው። ምልክቶቹ ከዚያ ወዲህ ዘመናትን ተሻግረዋል። «በ1731 የተሠራ የአያቴ ቢላዋ» የሚባለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ምንም ምልክት የለውምስ?

እዚህ ላይ ነው ቢላዋ መሥራታችሁ የሚጠቅማችሁ። ጀርባውን ከላይ ሆናችሁ እዩ። በእጅ የተቀጠቀጠ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከላሜራ የተቆረጠ ርካሽ ቢላዋ ዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት አለው። ችንካሮቹ እኩል ተሰልፈዋል ወይስ ትንሽ ይዛነፋሉ? ሰንጢ ከሆነ የውስጡ ገበር ብረት ነው ወይስ ናስ? ከእጀታው በታች የሞረድ ጭረት ይታያል? የማይታየውን ቦታ ማንም አያለሰልሰውም፤ ስለዚህ የሠሪው እጅ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።

ብሎንም ብዙ ይናገራል። የመስቀል ቅርጽ ጭንቅላት ያለው ብሎን ከ1930ዎቹ በፊት አልነበረም። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከቡ የመጣው በ1967 ነው። ጥንታዊ ነው በተባለ ቢላዋ ላይ ከሁለቱ አንዱን ካያችሁ፣ ቢያንስ ያ ክፍል ተቀይሯል።

ስለቱ የተበላ መሆኑንም እዩ። ለዓመታት ሲሳል የኖረ ቢላዋ ሥሩ ሰፊ፣ መሃሉ ጠባብ ይሆናል። ሰብሳቢ አይወደውም። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ሰው ሠርቶበታል።

እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው ወይስ አጥንት?

በአጉሊ መነጽር ጫፉን እዩ። የዝሆን ጥርስ በተቆረጠው ፊቱ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች አሉት። አጥንት ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦችና ሰረዞች ይታዩበታል፤ የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። መስመሮቹ ቀጥ ያሉና ከመጠን በላይ እኩል ከሆኑ ሴሉሎይድ ነው።

በጋለ መርፌ መፈተን የሚባለውን አትሞክሩ። ሴሉሎይድ በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ የቀረውም ይበላሻል። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ ከመግዛትም ከመሸጥም በፊት የአገሩን ሕግ ጠይቁ። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1990 ጀምሮ ታግዷል።

የተጭበረበረውን እንዴት ልለይ?

የማይጣጣም ነገር ፈልጉ። ስለቱ ጠቁሮ እጀታው አዲስ ከሆነ ጠርጥሩ። ዝገቱ በየቦታው አንድ ዓይነት ከሆነ በአሲድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ዝገት እጅ በሚበዛበትና ውሃ በሚቆምበት ቦታ ይለያያል። ምልክቱ የተመታበት ቦታ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ካያችሁት የድሮው ተፍቆ ሌላ ተመትቶበታል። ሰንጢ ስትከፍቱና ስትዘጉ ድምፁን ስሙ። ጥሩ ስፕሪንግ ቀጭ ብሎ ይቆማል። የሚንገላወድ ከሆነ ችንካሩ ተነቅሎ ተመልሶ ይሆናል።

እንዴት ላስቀምጣቸው?

ከሰገባ አውጥታችሁ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት ኬሚካልም ብረቱን ያዝገዋል፣ ናሱንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ሰገባውን ከጎን አስቀምጡት። ስለቱን በቀጭን ዘይት ወይም በሰም አብሱ። በየጥቂት ወሩ እያወጣችሁ እዩ።

ሴሉሎይድ እጀታ ያላቸውን ለብቻ አድርጉ። እያረጀ ሲሄድ የሚለቀው ጋዝ የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያዝጋል። ስለቱ ከእጀታው አጠገብ ብቻ መዛግ ከጀመረ፣ ወይም ሳጥኑን ስትከፍቱ ሽታው አፍንጫችሁን ከመታ፣ በዚያው ቀን ለዩት። እያንዳንዱ ቢላዋ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ይኑር፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እጃችሁ እንደገባ፣ ምልክቱ ምን እንደሚል። የራሳችሁ ሥራ ከሆነም የብረቱን ዓይነት፣ የለዘበበትን ሙቀትና የጨረሳችሁበትን ዓመት ጻፉበት።